ሃምሳ ዓመት የሞላው አዲስ መድኃኒት

የእህቴን ባል አልወደውም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ላይ «ለካስ ቂም ይዛ ነው» እንዳትሉኝ ነው። አዎ፣ ቂም ይዣለሁ፤ ይዤውም እሞታለሁ። «አቶ ደንብ» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ገና እህቴን ሳያገባት አንድ ቀን ሦስታችን በእግር ስንሄድ መንገዱ ጭር ብሏል፤ መኪና የለ፣ ድመት እንኳ አያልፍም። እሱ ግን የእግረኛው መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ገትሮ አቆመን። እኔ ደሜ ፈላ። እህቴ ስቃ ልትሞት። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «እትዬ፣ ይኼንን ሰው አገባዋለሁ» አለችኝ፤ «ቢያንስ የት እንደቆመ አውቃለሁ።»

አገባችው።

እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አወጣለሁ። ሙያዬ አንድ ዕቃ ምን ተብሎ መግባት እንዳለበት ማወቅ ነው። ነጋዴው «ማሽን ነው» ብሎ ያመጣውንና መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጣውን ዕቃ፣ «መለዋወጫ ነው» ብዬ አስወጣለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሳጥኑን ከፍታችሁ ካያችሁት መለዋወጫ ነው። እሱ ደግሞ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ውስጥ የምዝገባ ክፍል ኃላፊ ነው። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ሁሉ በጠረጴዛው ያልፋል። ይኼኛው «የታወቀ» ነው፣ ያኛው «አዲስ» ነው ብሎ የሚለየው እሱ ነው። እንግዲህ ድሮስ እንዴት እንስማማ? እኔ የማስገባ፣ እሱ የሚያስቆም።

እህቴን ያሳደግኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እናታችን ስትሞት እሷ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ምላሷ ግን ያኔም የደረሰ ነው። አድጋ የውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፤ ሥራዋ የሰው ቅሬታ በስልክ መቀበል ነው። ውሃ የጠፋበት ሰው እናት አባት እየጠራ ይደውላል፤ እየሳቀ ይዘጋል። አንዱ «ሳምንት ሙሉ ገላዬን አልታጠብኩም» ብሎ ሲጮህባት፣ «በስልክም ይሸተኛል ጌታዬ፣ ዛሬውኑ ሰው እልካለሁ» አለችው። ሰውዬው በማግስቱ ሊያመሰግናት ቢሮዋ ድረስ መጣ። እኔ እንዲህ ብል ኖሮ በማግስቱ ጠበቃ ይዞ ነበር የሚመጣው።

ስትታመም በመጀመሪያ የተነካው ይኼው አንደበቷ ነው። ቃሉ አፏ ውስጥ ይጎተትባት ጀመር። አንድ ደንበኛ «ጠጥተሻል እንዴ አንቺ?» አላት። ለእኔ ስትነግረኝ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ቀጥሎ እጇ ተንቀጠቀጠ። ሻይ ስታነሳ ግማሹ ልብሷ ላይ ነው። ከሐኪም ሐኪም ተንከራተትን፤ አንዱ ጭንቀት ነው አለ፣ ሌላው ዕረፍት ውሰጂ አለ። በመጨረሻ አንድ ፂማም ሐኪም ዓይኗ ላይ መብራት አብርቶ ሲያይ ቆየና፣ በዓይኗ ጥቁር ክፍል ዙሪያ ያለውን ቡናማ ቀለበት አሳየን።

«መዳብ ነው» አለ። «ከምግብ የሚገባውን መዳብ ጉበቷ ማስወገድ አይችልም። ሲጠራቀም፣ ሲጠራቀም ኖሮ አሁን አንጎሏ ደርሷል።»

«መዳብ? የመብራት ሽቦ የሚሠሩበት?» አልኩት።

«እሱው ነው።»

እህቴ ወደ እኔ ዞር አለችና እየተንተባተበች «በቃ፣ ስሞት ለቆራሌ ሽጪኝ» አለች። ሐኪሙ ሳቀ። ባሏ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያይ ነበር።

መጀመሪያ የታዘዘላትን መድኃኒት ሰውነቷ አልቀበል አለ። ቆዳዋ ተላጠ፤ ትኩሳት ጣላት። ሐኪሙ አስቆመውና ሌላ እንዳለ ነገረን። በሌላ አገር ሃምሳ ዓመት ሲሠራበት የኖረ እንክብል ነው፤ የመጀመሪያው ላልተስማማቸው የሚሰጥ። እዚህ ግን የለም። «አሁኑኑ ከጀመረች እጇ ይረጋል፣ ንግግሯም ባለበት ይቆማል፤ ምናልባት ይሻሻላል። ከዘገየች እጇን እናድን ይሆናል፤ የሄደው ንግግር ግን ላይመለስ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ» አለን። ይህን ሲል እኔም ሰምቻለሁ፣ አቶ ደንብም ሰምቷል። እጁን ይዛው ስለነበር የእሱም እጅ ከእሷ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፋብሪካውን ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ተራ ፋርማሲ አይዘውም፤ መንገደኛ ገዝቶ በሻንጣ ሊያመጣው አይችልም። ፋብሪካው ራሱ በሐኪም በኩል ብቻ ነው የሚልከው። ጻፍኩላቸው፣ ደወልኩ፣ ለመንኩ። እኔ ለምኜ አላውቅም፤ ለመንኩ። በፂማሙ ሐኪም ማዘዣ ስምንት ጠርሙስ ሊልኩልን ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ ነው። ሕጉን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤ የታወቀ መድኃኒት ለግል ሕክምና ሲመጣ ማዘዣ አሳይቶ መውሰድ ነው። አዲስ መድኃኒት ግን በማዘዣ አይገባም። መጀመሪያ ይመረመራል፣ ኮሚቴ ይቀመጥበታል፣ ይመዘገባል። እንግዲህ የእህቴ አንደበት ያለው ባሏ በሚናገራት አንዲት ቃል ላይ ነው።

ቢሮው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶው ሳይቀር ከጠርዙ እኩል ተሰልፏል። ቤት ውስጥ «አንቺ» የሚለኝ ሰው ቢሮው ስገባ «እርስዎ» ይለኛል።

«ይቀመጡ» አለኝ። «አይቼዋለሁ። አዲስ ነው።»

«ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ይበልጣል። ከእኔ የሚበልጠውን አዲስ ካልክ እኔ ገና አልተወለድኩም ማለት ነው።»

«ዕድሜው አይደለም የሚታየው። እኛ መዝገብ ውስጥ የሌለ መድኃኒት ለእኛ አዲስ ነው። እርስዎ የማያውቁት ሰው ቤት ሄደው በር ቢያንኳኩ፣ ሃምሳ ዓመት ኖሬያለሁ ስላሉ ይከፈትልዎታል? ማን ነዎት፣ ከየት መጡ፣ ምን ይዘዋል ይባላሉ።»

«እኔ መድኃኒት አይደለሁም።»

«አይደሉም» አለ፤ በዚህስ ተስማማን።

ሐኪሙ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበርና እሱን አወጣሁት። ይኼው መድኃኒት፣ ሌላ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ድሮ ድሮ እዚህ ተመዝግቦ ነበር። የሚጠቀም ሰው ስላነሰ አስመጪው ምዝገባውን ሳያሳድስ ቀረ፤ ተሰረዘ። «ይህን ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ። የተሰረዘ እንዳልነበረ ይቆጠራል።»

«የሚቆጥረው ማነው?»

«ክፍሉ።»

«የክፍሉ ኃላፊስ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። መልስ ሲያጣ ሁልጊዜ መነጽሩ ይቆሽሻል። ከዚያ ከሚስቱ በቀር ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገር ነገረኝ። ወጣት ሳለ አንድ የሕፃናት የሳል ሽሮፕ በእጁ አለፈ። ዓለም የሚያውቀው፣ እያንዳንዱ ቤት ያለ ሽሮፕ ነው፤ ፋብሪካው ብቻ አዲስ ነበር። «የታወቀ ነው» ብሎ በዕለቱ አሳለፈው። ፋብሪካው ዋጋ ለመቀነስ መርዝ የሆነ ፈሳሽ ቀላቅሎበት ኖሮ የጠጡት ልጆች ሽንታቸው ቆመ። «ከዚያ ወዲህ የታወቀ የሚባል ነገር አላውቅም» አለኝ።

ውሸት አልመሰለኝም። አሳዘነኝ እንኳ፤ ለአፍታ። ግን ሰው ያዘነበትን ሁሉ በሌላ ሰው ላይ መክፈል አለበት እንዴ? «እህቴ ሽሮፑን አልሠራችውም» አልኩት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ኮሚቴው እንዲያፋጥነው እጽፋለሁ።»

«እንቁላልህ እግር እስኪያወጣ ዶሮዋ አትኖርም» ብዬ በሩን በላዩ ላይ ወርውሬው ወጣሁ።

አለቃው ጋ ልሄድ ነበር። አለቃው ያውቀኛል፤ ስንት ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ አስወጥቼለታለሁ። እህቴ ሰማችና ወደ ቤቷ አስጠራችኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ እንደ ድንጋይ እያነሳች «ባሌን... አታዋርጂብኝ» አለችኝ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ማንኪያ ይዞ ሾርባ እያበረደላት ነበር። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባል የለ። ሁለቱንም አየኋቸውና አለቃውን ተውኩት። ማመልከቻው «አዲስ መድኃኒት» ተብሎ ገባ።

ሳጥኑ የደረሰ ዕለት የአውሮፕላን ጣቢያው ዕቃ ማራገፊያ ውስጥ ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውታል። ስምንት ጠርሙስ፣ ነጭ ክዳን፣ እያንዳንዱ ውስጥ እንክብሎቹ ሲንኮሻኮሹ ይሰማል። ልቤ ቀለል አለኝ። መመርመሩ ይመርመሩት፣ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጥቂት ያንሱ፣ የቀረው ምዝገባው ሲያልቅ ወዲያው እጃችን ይገባል ብዬ ነበር። ለታወቀ መድኃኒት እንደዚያ ነው የሚሠሩት፤ ከአንድ ካርቶን ቆንጠር አድርገው ይወስዳሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት ያስወጣሁት የታወቀ ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤታቸው ናሙና ወሳጅ ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ ድምፅዋ የለሰለሰ ሴት ናት። ጓንቷን አጠለቀች፣ ስምንቱንም አንድ በአንድ ወደ ቀዝቃዛ ሳጥኗ ከተተች፣ ክዳኑን ዘጋች።

«የቀረውስ?» አልኳት።

«የቀረ የለም እህቴ። አዲስ መድኃኒት ስለሆነ ሙሉ ምርመራ ነው የሚደረገው። አራቱ ይፈጫል፣ ይሟሟል፣ በተለያየ መሣሪያ ይታያል። አራቱ ደግሞ ታሽጎ ይቀመጣል። ወደፊት ጥያቄ ቢነሳ ማመሳከሪያ ነው።»

«የበሽተኛዋስ ድርሻ?»

«እዚህ ላይ በሽተኛ የለም» አለችኝ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ፤ «ወረቀቱ ናሙና ነው የሚለው።»

እዚያው ሆኜ ለአቶ ደንብ ደወልኩለት። «ስምንቱንም እንደሚወስዱት ታውቅ ነበር?»

«ፋብሪካው ተጨማሪ ይልካል ብዬ ነበር» አለ።

«ላከ?»

«ምዝገባው ሲያልቅ እልካለሁ ብሏል። ትንሽ ትንሽ ነው የሚሠሩት።»

የተናገርኩትን አልደግመውም። የዕቃ ማራገፊያው ጭነት አውራጆች፣ በሰው ዘር ያልተሰማ ስድብ የሚያውቁት ሰዎች፣ ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ሴትዮዋ ሳጥኗን ይዛ በመኪናዋ ሄደች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አዲስ ያሉት መድኃኒት ጥሩ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድም እንክብል ለሰው አይተርፍም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይቸግረኛል። መጠበቅ ነው እንጂ ምን አለው? የምርመራ ክፍሉ ወረፋ አለበት። ኮሚቴው ሰብሳቢው ሲኖር አባል ይጎድላል፣ አባላቱ ሲሟሉ ሰብሳቢው ስብሰባ ሄዷል። እህቴ ሥራዋን ተወች። ስልኩን ለሌላ ልጅ ሰጡት፤ ውሃ የጠፋባቸው ሰዎች አሁን እየተሳደቡ ደውለው እየተሳደቡ ይዘጋሉ አሉ። ቤት ስሄድ የምትለውን ለመስማት ጆሮዬን አፏ ላይ እደቅናለሁ። አንድ ቀን ስለታሸጉት ጠርሙሶች ሳወራላት እየተጣጣረች ተረት ልትነግረኝ ፈለገች። ግማሹን ከአፏ፣ ግማሹን ከዓይኗ አነበብኩት፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» ምራቋ በአገጯ ወረደ። ባሏ ተነስቶ በመሐረብ ጠረገላት፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን። ጸጉሯን የሚያጥባትም እሱ ነው፤ ሌሊት ስታለቅስ አብሯት የሚቀመጠውም እሱ ነው። ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር።

የመጨረሻ የገባኝ ቃሏ «ሻይ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኳት። ብቻውን ነበር። ከጀርባው ግራጫ የብረት ቁም ሳጥን አለ፤ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት። የታሸጉት አራቱ ጠርሙሶች እዚያ ውስጥ እንዳሉ፣ ቁልፉም እሱ ጋ መሆኑን አውቃለሁ።

«አንዱን ጠርሙስ ስጠኝ» አልኩት። «ሦስቱ ማመሳከሪያ ይሁኑልህ።»

«የታሸገ ናሙና ለሰው አይሰጥም።»

«ሚስትህ ናት እኮ።»

«ነገ በዚህ መድኃኒት አንድ ሰው ቢጎዳ ምስክሩ እሱ ነው። ምስክር አይነካም።»

«ዛሬ በመድኃኒቱ እጦት ለምትጎዳዋስ ምስክሯ ማነው? አንተ ነህ?»

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ እንዲህ አድርጎ መዳፉን ወደታች። ፊቱ ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። አልራራሁለትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ሞኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው የጠየቅኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን፣ መጀመሪያ ስመጣ። የሌላ ሰው ሚስት ብትሆን ኖሮ ምን ትል ነበር?»

መነጽሩን አላወለቀም። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ።

«የታወቀ እል ነበር» አለ።

በትክክል የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን?»

«የተሰረዘ ምዝገባ በሁለቱም በኩል ያስኬዳል። ውሳኔው የእኔ ነው። ለሌላ ሰው ቢሆን ለበሽተኛዋ አደላ ነበር፤ ሁለት ሦስቴም አድርጌዋለሁ። ለራሴ ሚስት ማድላት ግን አልችልም። ለእሷ ብዬ ደንብ ካጠፍኩ ነገ ዘመድ ያለው ሁሉ እዚህ በር ላይ ይሰለፋል። እኔም ሽሮፑን ያሳለፍኩበት ቀን ላይ እመለሳለሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮው ውስጥ «አንቺ» አለኝ። «አንቺ አታውቂውም።»

እውነት ነው፣ አላውቀውም። ሌባ አውቃለሁ። ጉቦኛ አውቃለሁ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ እጁን የሚዘረጋ፣ ሰው ፊት በስሜ የሚጠራኝ። በሙያዬ ያላየሁት ዓይነት የለም። ንጹሕ ለመሆን ብሎ ሚስቱን የከፈለ ግን ያየሁት አንድ እሱን ነው። ማንም ሰው፣ መንገድ ላይ ያለ የማይታወቅ ሰው፣ ሚስቱን ይዞ ቢመጣ መድኃኒቱን ይወስድ ነበር። የተከለከለችው የእሱ ስለሆነች ነው።

«እጅህን ያጠብከው በእህቴ ምላስ ነው» አልኩት። «አሁን የታወቀ ነው በል። አሁን ተናገር።»

«ለኮሚቴው አዲስ ተብሎ ቀርቧል። ብስበው እንደገና ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ሊጨርሱ ነው።»

«ታዲያ እሷም ጨረሰች።»

ጠረጴዛው ላይ የተሰለፈውን ሁሉ በክንዴ ጠርጌ መሬት ላይ ጣልኩት። አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ እስክሪብቶዎቹን ይለቅም ጀመር። ከኋላው ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ማቀዝቀዣው ቀስ እያለ ያጉረመርማል። ሰብሬ ልከፍተው ሁለት እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ሳብኩት፤ አልተነቃነቀም። የጥበቃ ሠራተኞች መጥተው በክንዴ ይዘው አወጡኝ። አንደኛው «እናቴ፣ ይረጋጉ» አለኝ። እኔ እናቱ አይደለሁም።

መድኃኒቱ ጸደቀ። ጥሩ ነው ተባለ፤ ከፋብሪካው ስም ጀምሮ እስከ እንክብሉ ሽፋን ምንም እንከን አልተገኘበትም። ሃምሳ ዓመት ሰው ሲያድን የኖረውን ነገር እነሱም አረጋገጡት፤ እግዜር ይስጣቸው። አዲስ ካርቶን ተላከ፤ እኔ ነኝ ያስወጣሁት። የታወቀ ሆኖ ስለነበር በዕለቱ ወጣ።

እህቴ መውሰድ ጀመረች። መጀመሪያ የረጋው እጇ ነው። ሰኞ ሾርባዋን ራሷ ጠጣች፤ በሌላው ሳምንት የሸሚዟን ቁልፍ ራሷ ቆለፈች። በማየቴ ተደሰትኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። አንደበቷ ግን አልመጣም። ፂማሙ ሐኪም ጉሮሮዋን፣ ምላሷን፣ ሁሉን አየና «እጇ ይበልጥ ይሻላታል» አለ። ስለ ሌላው አልጠየቅነውም፤ እሱም አልተናገረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ሌላ ደንብ ደግሞ አለ። አዲስ መድኃኒት ሲመዘገብ መጀመሪያ የወሰደው ሰው በክፍሉ ይጠየቃል፤ ምን ለውጥ አየህ፣ የሚያምህ አለ፣ የጎዳህ ነገር አለ እየተባለ። ሌላ ሠራተኛ ይላክ ቢሉት አቶ ደንብ እምቢ አለ፤ «የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ እኔው እጠይቃለሁ።» ይኼን ስሰማ ቤታቸው ሄጄ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። በዓይኔ ላየው ፈለግኩ። ከእኔ ፊት እንዲያደርገው ፈለግኩ።

ከሥራ መጣ። ጃኬቱን አላወለቀም። ወንበር ስቦ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ነው። እሷ መስኮቱ ሥር ናት፤ ጸጉሯን ጠዋት ያበጠረላት እሱ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና በቢሮ ድምፁ፣ በዚያ «እርስዎ» በሚለኝ ድምፁ ጀመረ።

«መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ለውጥ አለ?»

ሚስቱን «ጀመሩ» አላት። ሳቄ መጣ፤ ሳቅም አልነበረም።

አየችው። ብዙ አየችው። አፏን ከፈተች፤ ከውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፣ ቃል ያልሆነ። ዘጋችው።

«በንግግርዎ ላይ...» አለና ድምፁ ተሰበረበት። እንደገና ጀመረ። «በንግግርዎ ላይ ያዩት ለውጥ...»

እጇን አነሳችና አፉን ያዘችው። መዳፏን ከነጣቶቿ አፉ ላይ ከደነችው። እጇ ምንም አልተንቀጠቀጠም። እንዲሁ ይዛው ቆየች፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ እንባው በጣቶቿ ላይ ወረደ። ከዚያ ለቀቀችው፤ እሱም ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ።

በኋላ ሲወጣ «ይቅር ብላኛለች» አለኝ፤ በዝቅታ። እኔ ደግሞ ያየሁትን አውቃለሁ። ያ ይቅርታ አይደለም። እህቴ ጎን ሄጄ ተንበረከክሁ። «ዝም በል ነው ያልሽው፣ አይደል?» አልኳት። «ንገሪኝ፣ ልክ ነኝ አይደል? ዝም በል ነው ያልሽው።»

እጄን ወሰደች፣ መዳፌን ገለጠች፣ በዚያ በዳነው ጣቷ ቀስ ብላ ጻፈችበት። እያንዳንዱ ፊደል ይሰማኝ ነበር።

«አንቺም።»

ለእሱ አልነገርኩትም። እሱ እስከ ዛሬ ይቅር ብላኛለች ይላል፤ እኔ አላለችህም እላለሁ። አሁን የምንጣላው እሷ እንዳትሰማን ደረጃው ላይ ወጥተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው።